ለአንድ ሰው የተቀመመ

(በጅማ ከተማ ለታማሚዎች፣ ለአስታማሚዎችና ለፋርማሲ ተማሪዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ስመልሰው መጨረሻ ላይ ከተነሡት ጥያቄዎች ሁለቱን አካትቻለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ዝናብ ስለ መጣችሁ አመሰግናለሁ። ከመካከላችሁ ወገባችሁን ደግፋችሁ የተቀመጣችሁ እንዳላችሁ አያለሁ። መቆም ያሻው ይቁም፤ ከኋላ ወዲያ ወዲህ ማለት ያሻውም ይበል። ስለ ሕመም እየተነጋገርን ታማሚን ሁለት ሰዓት በደረቅ ወንበር ላይ ማስቀመጥ አይገባም።

ባለፈው ክረምት ከሰቃ ጨቆርሳ በኩል አንዲት እናት ወደ መድኃኒት ቤታችን መጡ። በአገራችን ልማድ አዴ እያልሁ ነው የማነጋግራቸው። ጠረጴዛው ላይ የሻሻቸውን ጫፍ ዘርግተው ቋጠሮውን ፈቱት። በውስጡ በምላጭ የተቆራረጡ የእንክብል ስብርባሪዎች ነበሩ። አንዱ የምስር ክክ ያህላል፣ ሌላው የሩዝ ፍሬ፣ የቀረው ዱቄት ሆኖ ጨርቁ ላይ ተጣብቋል። «ልጄ፣ የዚህ መድኃኒት ጸባዩ አይታወቅም» አሉኝ። «አንድ ቀን ደኅና አድሬ እነሣለሁ፤ ሌላ ቀን ረፋድ ድረስ ራሴን አላውቅም፤ ሌላ ቀን ደግሞ ጨርሶ እንዳልወሰድሁ ነው።»

ታሪካቸው ይህ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት አልማዝ ባለጭራ ወጥቶባቸው ነበር። ሽፍታው ደርቆ ጠፋ፤ ሕመሙ ግን ከግራ ጡታቸው ሥር እስከ ጀርባቸው እንደ ቀበቶ ዞሮ ቀረ። ልብስ ሲነካቸው ያቃጥላቸዋል። ከዚያ ወዲህ መቀነት ታጥቀው አያውቁም። ሐኪም መርምሮ አሚትሪፕቲሊን አዘዘላቸው፤ ማታ ማታ አንድ ባለ 25 ሚሊግራም እንክብል። የመድኃኒቱ ምርጫ ትክክል ነው። የነርቭ ሕመምን ያስታግሳሉ ተብለው በዓለም ዙሪያ በመጀመሪያ ከሚሞከሩት አንዱ ነው። ነገር ግን ሴትዮዋ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሰውነታቸውም ከሲታ ነው። በሦስተኛው ሌሊት ለሽንት ሲነሡ ዞሮባቸው ከበሩ መቃን ጋር ተላተሙ። ከዚያ በኋላ ምላጩን አነሡ። ማንም እንዲቆርጡ አልነገራቸውም፤ ሰውነታቸው ነው «ይህ በዝቶብኛል» ያላቸው። እውነቱንም ነበር።

ጸባይ ያጣው መጠኑ እንጂ መድኃኒቱ አልነበረም። የእሳቸው ሰውነት የሚሸከመው ምናልባት 10 ሚሊግራም ነው። በእጃችን ያለው ሳጥን ግን የሚያውቀው 25ን ብቻ ነው። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት በእነዚህ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ስላለው ክፍተት ነው። ክፍተቱን በምላጭ መሙላት የታማሚው ሥራ መሆን የለበትም። የእኛ የመድኃኒት ባለሙያዎች ሥራ ነው።

ስለ ሕመሙ ራሱ ጥቂት ልበል። በሕክምና ቋንቋ ሥር የሰደደ ሕመም የሚባለው ከሦስት ወር በላይ የቆየ ወይም እየተመላለሰ የሚመጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም በዚያው ናቸው) ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መዝገቡ የራሱን ቦታ ሰጥቶታል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለብዙ ዘመን ሕመምተኛው «ቁስልህ ድኗል፣ ምርመራህ ንጹሕ ነው፣ ታዲያ ምንህን ያምሃል?» ሲባል ኖሯል። ከከተማ ወጣ ብላችሁ የእህል ማሳ ጠባቂ አይታችሁ ታውቃላችሁ። ዝንጀሮው ሲመጣ ይጮኻል፤ ሲሄድ ዝም ይላል። ደኅናው ሕመም እንደዚህ ያለ ጠባቂ ነው። ሥር የሰደደው ግን ዝንጀሮው ከሄደ ከወራት በኋላም፣ ቅጠል በተንኮሻኮሸ ቁጥር የሚጮኸው ነው። ጩኸቱ የሐሰት አይደለም፤ ነርቩ በእርግጥ መልእክት እየላከ ነው። ታማሚውን «አስበኸው ነው» ማለት ያልተማረ ሰው ቢለውም ያሳፍራል፤ ከተማረ ሰው አፍ ሲወጣ ደግሞ ይቆጨኛል።

ሕመምም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ጉልበት ወይም ወገብ ላይ ያለ፣ ሲንቀሳቀሱ የሚጠዘጥዝ ቁርጥማት አንድ ነገር ነው። የሚያቃጥል፣ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር፣ ደንዝዞ የሚወጋ ደግሞ ሌላ ነው፤ ይኼኛው የነርቭ ነው። ስኳር ያለባቸው አንዳንድ ሰዎች እግራቸው ሥር ፍም የተነጠፈ ይመስላቸዋል። ለዚህ ዓይነቱ ፓራሲታሞል ብዙም አይረዳም። ስለዚህ መድኃኒት ቤት መጥታችሁ «የሕመም ማስታገሻ ስጠኝ» ስትሉ ባለሙያው «ያቃጥላል? ይነዝራል? ወይስ ይጠዘጥዛል?» ብሎ ከጠየቃችሁ አትሰልቹ። በትክክል እያከማችሁ ነው።

ወደ ሥራው ልግባ። በአማርኛ ፋርማሲስትን «መድኃኒት ቀማሚ» እንለዋለን። ውብ ስም ነው። ግን ዛሬ ብዙዎቻችን የምንሠራው ሳጥን ከመደርደሪያ አውርዶ ማስረከብ ነው። ቅመማ፣ ማለትም ለአንድ ታማሚ የሚሆነውን መድኃኒት በእጅ ማዘጋጀት፣ በአገራችን ጨርሶ አልጠፋም፤ በተለይ ለቆዳ በሽታ የሚሆኑ የሳሊሲሊክ አሲድና የድኝ ቅባቶች ዛሬም ይዘጋጃሉ። ለሕመም ግን እጃችንን አጥፈናል ማለት ይቻላል። ቅመማ የሚያስፈልገው ፋብሪካው የማያውቀው ሰው ሲመጣ ነው፦ መጠኑ የማይበቃለት ወይም የሚበዛበት፣ መዋጥ የማይችል፣ ወይም በመድኃኒቱ ውስጥ ያለ ማቅለሚያና ማጣፈጫ የማይስማማው። ፋብሪካው ቢሠራው ኖሮ አንነካውም ነበር። በገበያ ላይ ተመርምሮ የተመዘገበ መድኃኒት እያለ ያንኑ መቀመም ስሕተት ነው።

የአዴን ነገር እንዴት እንደ ሠራነው ላሳያችሁ። በመጀመሪያ ያዘዘላቸውን ሐኪም በስልክ አገኘሁት። የልብ ምርመራ እንዲደረግላቸው ተስማማን፤ ይህ መድኃኒት የልብ ምት ላይ ችግር ያለበትን ሰው ሊጎዳ ይችላልና። የዓይን ግፊትና የሽንት መቸገር እንዳለባቸውም ጠየቅናቸው። ከዚያ አዲስ ማዘዣ ተጻፈ፦ 10 ሚሊግራም፣ ለ30 ሌሊት።

10 በ30 ሲባዛ 300 ነው። ባለ 25 ሚሊግራም እንክብል 12 ብናደርግ 300 ይሞላል። ሂሳቡ ያማረ ነው፤ ሥራው ግን ከዚህ በኋላ ነው። አሥራ ሁለቱን እንክብሎች ቆጥሬ በሸክላ ሙቀጫ ውስጥ ፈጨኋቸው፤ ልባሳቸው ጨርሶ እስኪጠፋ። የሚወጣው ዱቄት በጣም ጥቂት ነው። በ30 ካፕሱሎች ውስጥ እኩል እንዲዳረስ ላክቶስ የሚባለውን ዱቄት መጨመር ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ነው ጀማሪዎች የሚሳሳቱት። ሁለቱን ባንድ ጊዜ ገልብጠው ያማስላሉ። ሴቶች ይህን ከእኛ በፊት ያውቁታል። ጥቂት ኮረሪማ በብዙ ዱቄት ውስጥ እኩል እንዲገባ የምትፈልግ ባለሙያ በመጀመሪያ ኮረሪማውን በእኩል መጠን ዱቄት ታሸዋለች፤ ያንን ደግሞ በእኩሉ፣ ያንንም እንደገና በእኩሉ። እኛም የምናደርገው ይህንኑ ነው። መድኃኒቱን እኩል በሚያህለው ላክቶስ፣ ድብልቁን እንደገና እኩል በሚያህለው፤ እየተጠራቀመ እስኪያልቅ ድረስ። ከዚያ ድምሩን መዝኜ ለሠላሳ አካፈልሁት። ካፕሱሎቹን ከሞላሁ በኋላ አንድ በአንድ ሚዛን ላይ አወጣኋቸው። ሁለቱ ጎደሉ፤ ከፍቼ ደግሜ ሞላኋቸው።

የጅማ ክረምት ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። እርጥበቱ የካፕሱሉን ልባስ ያለሰልሰዋል፤ ካፕሱል ከካፕሱል ይጣበቃል። ስለዚህ በፌስታል አልሰጠኋቸውም። ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ብልቃጥ፣ እርጥበት የሚመጥ ከረጢት ጨምሬበት፣ «ከምድጃና ከውኃ እንስራ አርቀው ያስቀምጡት» ብዬ ነው። በብልቃጡ ላይ የእሳቸው ስም፣ የመድኃኒቱ ስምና መጠን፣ የተቀመመበት ቀን፣ የሚያበቃበት ቀን ተጽፏል። በመዝገባችንም የእንክብሎቹ የምርት ቁጥር፣ የሚዛኑ ንባብና የእኔ ፊርማ አለ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። ሕመሙ አልጠፋም፤ ይህን ደብቄ ብነግራችሁ ውሸታም እሆናለሁ። ሌሊት ግን ይተኛሉ፤ ጠዋትም ሳይንገዳገዱ ይነሣሉ። ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው መቀነታቸውን አሳዩኝ። ላላ ብሎ ነው የታሰረው፤ ግን ታስሯል። «አልሐምዱሊላህ» አሉ።

ስለ በርበሬ ላንሣ፤ ይህን ነገር ማውራት እወዳለሁ። በርበሬ ስትቀነጥስ የዋለች ሴት ማታ እጇ እንደሚንቀለቀል፣ በውኃ ብትታጠብም እንደማይለቃት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዘይት ስትቀባው ግን ይቀልላታል፤ የሚያቃጥለው ነገር፣ ካፕሳይሲን የሚባለው፣ በቅባት እንጂ በውኃ አይሟሟምና። ዴቪድ ጁሊየስ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1997 ይህ ነገር የሚነካውን የነርቭ በር አገኘ። ያው በር እሳት ሲነካን የሚከፈተው ነው። በ2021 የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት አንዱ ሆነ። አስደናቂው ግን በሩ ደጋግሞ ሲንኳኳ መድከሙ ነው። ለዚህ ነው ካፕሳይሲን በቅባት መልክ፣ 0.025 ወይም 0.075 ከመቶ ሆኖ፣ ለጉልበት ሕመምና አልማዝ ባለጭራ ትቶት ለሚሄደው ሕመም የሚሰጠው። 0.025 ከመቶ ማለት በ100 ግራም ቅባት ውስጥ 25 ሚሊግራም ብቻ ነው። እንግዲህ ሚዛን የሌለው ሰው ይህን እንዴት ይለካዋል? ቤት ውስጥ ሚጥሚጣ በቫዝሊን ለውሰው የተቀቡ ሰዎች ቆዳቸው ተልጦ መጥተውብኛል። አታድርጉት። ትክክለኛውም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያቃጥላል። በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ ለሳምንታት፣ ሳያቋርጡ መቀባት ይፈልጋል። የተከፈተ ቁስል ላይ አይነካም፤ ከቀቡ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ዓይን አይታሽም። ብዙ ሰው በሦስተኛው ቀን «አቃጠለኝ» ብሎ ይጥለዋል። ያዘኑትን አይቻለሁ፤ ጥፋቱ ግን አስቀድሞ ያልነገራቸው ባለሙያ ነው።

ተማሪዎች፣ ይህን ደግሞ ለእናንተ ነው የምለው፤ ቅመማን ስለምወድ እውነቱን አልሸሽግም። በሌላው ዓለም አራት አምስት መድኃኒት ባንድ ክሬም ውስጥ ቀላቅሎ በውድ መሸጥ ተስፋፍቶ ነበር፦ ኬታሚን፣ ጋባፔንቲን፣ ክሎኒዲን፣ ሊዶካይን። በ2019 የታተመ አንድ ጥናት በአሜሪካ 399 ሰዎችን ከፍሎ ለከፊሉ እንዲህ ያለ ክሬም፣ ለከፊሉ መድኃኒት የሌለበት ክሬም ሰጠ። ከአንድ ወር በኋላ በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ስለዚህ አንድ መድኃኒት ተቀመመ ማለት ይሠራል ማለት አይደለም። የአዴ ካፕሱል የሠራው ውስጡ ያለው መድኃኒት አስቀድሞ የተመሰከረለት ስለሆነ ነው፤ እኛ ያስተካከልነው መጠኑን ብቻ ነው። ቅመማ መጠንና መልክ ያስተካክላል፤ ያልነበረ ኃይል አይፈጥርም።

አደጋውንም ልንገራችሁ። እዚህ አገር «መርፌ ካልተወጋሁ አይሻለኝም» የሚል ብዙ ነው። በ2012 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት አንድ የቅመማ ድርጅት ለጀርባ ሕመም የሚሰጥ የስቴሮይድ (እብጠትና ሕመም የሚቀንስ መድኃኒት) መርፌ አዘጋጅቶ ወደ ብዙ ግዛቶች ላከ። መድኃኒቱ በሻጋታ ተበክሎ ነበር። ከ750 በላይ ሰዎች ታመሙ፤ ከ60 በላይ ሞቱ። አብዛኞቹ የሞቱት በማጅራት ገትር ነው፤ የሄዱት ግን ለወገባቸው ነበር። በማግስቱ ዓመት አገሪቱ የቅመማ ሕጓን ለወጠች። መርፌ መቀመም የተጣራ አየር ያለው ክፍል፣ የተለየ ልብስና የተለየ ሥልጠና ይፈልጋል። እንደኛ ያለ መድኃኒት ቤት ሊሞክረው አይገባም፤ እኛም አንሞክረውም።

እኔም በጀማሪነቴ ያጠፋሁት ነገር አለ። ለአንድ ሽማግሌ የሚሆን ክሬም ቀምሜ ቀን ሳልጽፍበት ሰጠሁ። ልጃቸው ከሁለት ወር በኋላ ብልቃጡን ይዞ መጣ። ክዳኑ ሥር አረንጓዴ ሻጋታ ነበር፤ ሽማግሌው በጣታቸው ገፋ እያደረጉ ይቀቡት ኖሯል። ጉዳት አልደረሰባቸውም፤ እኔ ግን ያንን አረንጓዴ ቀለም አልረሳውም። ውኃ ያለበት ቅመም ሁሉ ዕድሜው አጭር ነው። በአሜሪካ ፋርማኮፒያ፣ ማለትም በመድኃኒት ደረጃዎች መጽሐፋቸው፣ እንዳይበላሽ የሚጨመር ማቆያ የሌለው ውኃማ ቅመም ማቀዝቀዣ ውስጥ ሆኖ እንኳ ከ14 ቀን አያልፍም። ቀን ያልተጻፈበት ቅመም ከሰጧችሁ አትቀበሉ፤ እኔም ብሆን።

ስም የሌለው ዱቄት ወይም ፈሳሽ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። «የቁርጥማት መድኃኒት» ተብሎ በገበያ ቀን የሚሸጥ፣ በሁለት ቀን ተአምር የሚሠራ ነገር ካጋጠማችሁ ተጠራጠሩ። እንዲህ በፍጥነት የሚያሽር ነገር ውስጥ ስቴሮይድ ወይም እንደ ዲክሎፌናክ ያለ መድኃኒት ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ሲቆይ ፊት ያሳብጣል፣ ስኳር ያንራል፣ አጥንት ያሳሳል፤ ባንድ ጊዜ ማቆሙም አደገኛ ነው። ሁለተኛው ጨጓራ ያደማል፣ ኩላሊት ይጎዳል። እንክብልን በዘፈቀደ መፍጨትም እንዲሁ። ቀስ ብሎ እንዲለቅ የተሠራ የሞርፊን እንክብል ቢፈጭ የአሥራ ሁለት ሰዓቱ መጠን ባንድ ጊዜ ይለቀቃል። ሰው ሊሞትበት ይችላል።

ቡና ጭነት የምትሠሩ ወንድሞቼ ከኋላ አላችሁ። ለእናንተ ወገብ ቅመማ ብዙም አልመክርም። ከጆንያ በታች ሃያ ዓመት የዋለ ወገብ መጀመሪያ የሚፈልገው ሳይቋረጥ መንቀሳቀስ፣ የአካል ብቃት ሕክምና፣ ከተቻለም ሁለት ሆኖ ማንሣት ነው። ተኝቶ መክረም ያባብሰዋል። እግር ከደነዘዘ፣ ሽንት መቆጣጠር ካስቸገረ ግን ያንኑ ቀን ሐኪም ቤት።

ከተጠየቁት መካከል አንዱ የዋጋ ነገር ነበር። ቅመማ የባለሙያ ጊዜ ስለሚወስድ ከተራው እንክብል ይወደዳል፤ እውነት ነው። ለዚህም ነው ሐኪሙን «በገበያ ያለ ሌላ አማራጭ አለ?» ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ የምለው። ካለ ያንን ውሰዱ።

ሁለተኛውን ጥያቄ ያነሣችው እናቷን በካንሰር የምታስታምም ወጣት ናት። «ሞርፊን ከታዘዘላት መሞቷ ቀርቧል ማለት ነው?» አለች። አዳራሹ ጸጥ አለ። እህቴ፣ አይደለም አልኋት። ሞርፊን የሚታዘዘው ሕመሙ ስለ በረታ እንጂ ቀኑ ስለ ተቆጠረ አይደለም፤ በአግባቡ የተሰጠ ሞርፊን ሞትን አያፋጥንም። በኡጋንዳ በ1993 በዶክተር አን ሜሪማን የተመሠረተው ሆስፒስ፣ የማይድን ሕመም ያለባቸውን የሚንከባከብ ድርጅት ነው፣ የሞርፊን ዱቄትን በውኃ እያሟሟ፣ ማቆያና ቀለም እየጨመረ በብልቃጥ ማደል ጀመረ። አረንጓዴው ደካማው ነው፤ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 5 ሚሊግራም። ማንበብ የማይችል አስታማሚም በቀለሙ ይለየዋል። ይህ እንግዲህ ቅመማ ነው፤ የማውቀው ምርጡ ቅመማ። ብዙ ገንዘብና ትልቅ ፋብሪካ አልጠየቀም፤ ሚዛን፣ ንጹሕ ውኃና ታማኝ መዝገብ ነው የጠየቀው። እኛም ዘንድ ሞርፊን በልዩ የማዘዣ ወረቀት ይሰጣል፤ የሚቆለፍበትም ምክንያት አለው።

«ታዲያ ምን ልጠንቀቅ?» አለች። ሰዓቱን አለማሳለፍ፤ ሕመሙ እስኪመለስ አለመጠበቅ። የሆድ ድርቀት አይቀርምና የሆድ ማለስለሻውን ከመጀመሪያው ቀን አብሮ መስጠት። ከልክ በላይ ከደነዘዘች፣ አተነፋፈሷም ከቀነሰ ቀጣዩን መጠን ሳትሰጪ ወዲያው መደወል። ብልቃጡን ልጆች የማይደርሱበት ቦታ መቆለፍ።

ቤታቸው መብራት ቶሎ ቶሎ እንደሚጠፋ፣ ማታ በኩራዝ የመለኪያውን መሥመር ማየት እንደሚቸግራት ነገረችኝ። በማግስቱ መድኃኒት ቤት መጣች። መርፌ በሌለው ስሪንጅ ላይ ሐኪሙ ያዘዘው ልክ ድረስ ውኃ ስበን፣ እዚያው መሥመር ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ወፍራም ምልክት አደረግንበት። እስኪደርቅ ጠበቀች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ዳሰሰችው፤ የቀለሙ እብጠት ይታወቃታል። ሁለተኛ ስሪንጅ ላይም ምልክት እንዳደርግላት ጠየቀችኝ፤ ሌሊት የምትተካት ታናሽ እህት አለቻት።